የግድግዳው ገሳ

በቁይ ከተማ ለካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለግንበኞች የተደረገ ንግግር



 

የተጠራነው ስለ ልማት በጠቅላላው እንድንናገር ነበር። ነገር ግን ትናንት ማታ ከአድባራችሁ አንዱን ስንጎበኝ በዕቃ ቤቱ ውስጥ እስከ ጣራው የተደረደረ ስሚንቶ አየን። ምእመናን ተስለው ያመጡት ነው። በሩን የከፈቱልን አባት፣ «ከፋሲካ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ከውጭ እናስለስነዋለን፤ ከዚያ ወዲያ ክረምት አይነካውም» አሉን። ደስታቸው ከልብ ነበር፤ እኛም የምንመልሰውን አጥተን ዝም አልን። ያ ዝምታ ሌሊቱን አላስተኛንም። ስለዚህ የተዘጋጀውን ንግግር አስቀምጠን ስለ አንድ ነገር ብቻ እንናገራለን፦ ግድግዳ ከውኃ ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ የምናለብሰውንም ልስን የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ ከማፍሰሳችን በፊት እንዴት እንደምንፈትነው።

መፈተን ስንል እንግዳ ነገር ያመጣን እንዳይመስላችሁ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ቤት ደዌ የተጻፈውን ሥርዓት አባቶቻችን ታውቁታላችሁ። በግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ሲታይ ባለቤቱ ሄዶ የሚናገረው ለካህኑ ነው። ካህኑ አስቀድሞ ዕቃው እንዲወጣ ያዝዛል፤ ገብቶም ያያል፤ ነገር ግን ያን ዕለት አይፈርድም። ቤቱን 7 ቀን ዘግቶ ይመለስና ምልክቱ መስፋት አለመስፋቱን ይመለከታል። ሰፍቶ ካገኘው የታመሙት ድንጋዮች ይወጣሉ፤ ውስጡ ይፋቃል፤ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይታደሳል። ደዌው ዳግመኛ ሲመለስ ብቻ ቤቱ ይፈርሳል። የምዕራፉን ምሥጢር ለመምህራኑ እንተዋለን፤ እኛን ዛሬ የሚያስፈልገን ቅደም ተከተሉ ነው። ማየት፣ ጊዜ መስጠት፣ ተመልሶ ማየት፣ ከዚያ በኋላ መፍረድ። በትልልቅ ከተሞች ያለው የሕንጻ ላቦራቶሪ የሚሠራውም ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም።

እኛ ግን ይህን የተማርነው ከተሳሳትን በኋላ ነው። ወደዚህ ሥራ ከመግባታችን በፊት በአንዲት የገጠር ደብር በዲቁና ስናገለግል ቤተልሔሙ አርጅቶ ነበር። ቋሚው ጥድ፣ ግድግዳው በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ እናቶች እየመጡ ይመርጉት ነበር። እኛ ወጣቶቹ ይህ የዓመት ድካም ይቅርላቸው ብለን ገንዘብ አሰባሰብን። በግድግዳው ላይ ሽቦ በሚስማር መትተን በስሚንቶ አስለሰንነው፤ በላዩም የዘይት ቀለም ቀባነው። ልስኑ ሲመታ ቆመው ያዩ አንዲት እማሆይ፣ «ልጆቼ፣ ቤቱ ሲያልበው ላቡን በየት ያወጣዋል?» አሉን። ሳቅን።

የመጀመሪያውን ዓመት ቤተልሔሙ እንደ ሙሽራ አማረ። በሁለተኛው ክረምት ከበሩ መቃን አጠገብ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ አየን፤ ናቅነው። በሦስተኛው ክረምት በፍልሰታ፣ በየቀኑ ቅዳሴ አለና ምድጃው ሳይበርድ በሚውልበት ሰሞን፣ ዲያቆኑ ሊጋግር ሲገባ አንድ ክንድ ያህል ልስን ተገንጥሎ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ ሊጥ ሆኖ ነበር። ጭዱ ጠቁሮ ይሸታል። የቋሚውን እግር በቢላ ብንነካው ቢላው እስከ እጀታው ገባ። እናቶች ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው እየመረጉ ያኖሩትን ቤት እኛ በ3 ክረምት አበሰበስነው። የዚያን ደብር ስም አንናገርም፤ ጥፋቱ የደብሩ ሳይሆን የእኛ ነበርና።

የእማሆይን ጥያቄ ለመመለስ ወደ እረኛው እንሂድ። በዚህ ደጋ ያደገ ሁሉ ገሳን ያውቃል። ገሳ ከሣር የተጎነጎነ ነው፤ የሐምሌን ዝናብ ከላይ ወደ ታች እያንሸራተተ ያፈስሰዋል፤ የሰውነት ሙቀትና ላብ ግን በሣሩ መካከል እየሾለከ ይወጣል። ዛሬ ልጆቻችን ላስቲክ ይለብሳሉ። ላስቲክ አንዲት ጠብታ አያስገባም። ነገር ግን ልጁ ሽቅብ ሮጦ ከብቱን መልሶ ሲመጣ ላስቲኩን ገልጣችሁ ሸሚዙን ብትዳስሱት ርሶ ታገኙታላችሁ። ያረሰው ዝናብ አይደለም፤ መውጫ ያጣ የራሱ ላብ ነው።

በቀዝቃዛና ዝናባማ አገሮች ቤት የሚሠሩ ሰዎች በውጭው ልባስና በግድግዳው አጥንት መካከል ስስ መከላከያ ይዘረጋሉ። ቀድሞ ሬንጅ የጠጣ ወረቀት ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ ክሮች የተዳመጠ፣ ጨርቅ የሚመስል ነገር ነው። ይህ መከላከያ በአንድ ጊዜ ሁለት ግዴታ አለበት፤ ፈሳሹን ውኃ ያግዳል፣ እንፋሎቱን ያሳልፋል። ማገዱ ብቻ ተመስክሮለት ማሳለፉ ያልተመሰከረለት ነገር ስሙ ምንም ቢሆን ላስቲክ ነው። ያን ጨርቅ ከገበያ ፈልጋችሁ ግዙ አንላችሁም። ለጭቃ ግድግዳ ገሳው ልስኑና የጣራው ጠርዝ ናቸው። ጥያቄው ግን ያው ነው።

ለመሆኑ ውኃው ከየት ይመጣል? በደብረ ማርቆስ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1,300 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንቆጥረው 65 ጀሪካን ማለት ነው። የሣር ክዳን በነበረ ጊዜ የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ርቆ ይወጣ ስለ ነበር ይህ ሁሉ ውኃ የሚወድቀው ከግድግዳው ርቆ ነበር። ቆርቆሮ ሲመጣ፣ ቆርቆሮ በገንዘብ የሚገዛ ነውና፣ ጠርዙ አጠረ። አሸንዳ የሌለው አጭር ጠርዝ ውኃውን ከግድግዳው ሥር ያፈስሰዋል፤ ውኃው መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው ይረጫል። እስከ ጉልበት የሚደርሰው የጭቃ ነጠብጣብ የዚያ ምስክር ነው። ብዙዎቻችን «ግድግዳው ደከመ» የምንለው ጣራው ያጠረበት ቤት ነው።

ከሥርም ይመጣል። ይህ አገር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ውኃውን ይዞ አይለቅም። መሠረቱ በዋልካ ላይ የቆመ ግድግዳ ከሥሩ ውኃ ይጠጣል፤ ሲያብጥና ሲኮማተርም ግድግዳው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጭቃ ይህን እንቅስቃሴ ይታገሠዋል፤ ስሚንቶ ግን ግትር ነውና ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው ምንጭ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ እኛው ራሳችን። በጸጥታ የቆመ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት ወደ 50 ግራም ገደማ እንፋሎት ያወጣል። 200 ሰው ለ4 ሰዓት ቢቆም 40 ሊትር፣ ማለትም 2 ጀሪካን ውኃ በአየሩ ውስጥ ዘራ ማለት ነው። በክረምት ሌሊት ማኅሌት ያደረ ሁሉ ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበውን ያውቃል። ያ ዝናብ ገብቶ አይደለም፤ ትንፋሻችን በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ክብ ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ይከብባል። የሥርዓቱ ምክንያት ከእኛ ይልቅ ለእናንተ የታወቀ ነው። ነገር ግን በግንበኛ ዓይን ሲታይ ዝናቡን የሚቀበለው የውጭው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ያን አልፎ የገባ እርጥበት በመካከሉ ባለው አየር ይደርቃል፤ ሥዕል ያለበት የመቅደሱ ግድግዳ ከዝናብ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። የአሁኑ ዘመን መሐንዲሶች ከብዙ ኪሣራ በኋላ በልባስና በግድግዳ መካከል ክፍተት ይኑር ወደሚል ሕግ የደረሱት ይህንኑ ለማግኘት ነው። በጣና ደሴቶችና በዘጌ እንደምናየው፣ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ የተሣለው በጭቃው ልስን ላይ በተለጠፈ ጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ከጨርቁ በስተኋላ ያለው ጭቃ ሲረጥብ ሙጫው ይለቃል፣ ጨርቁ ይነፋል፣ ሥዕሉ ይረግፋል። መስኮት በቆርቆሮ ስንደፍን፣ ግድግዳ በዘይት ቀለም ስንቀባ የምናፍነው ያንን የሚያደርቅ አየር ነው።

የእኛ ስሕተት በድህነትና ባለማወቅ የመጣ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ታሪክ ከካናዳ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በቫንኩቨርና በአካባቢዋ እጅግ ብዙ የመኖሪያ ሕንጻዎች ተሠሩ። አገሩ ዝናባም ነው፤ የሕንጻዎቹ መልክ ግን ከደረቅና ፀሐያማ አገር የተቀዳ ነበር። ጣራቸው ጠርዝ የለውም፤ ግድግዳቸው በልስን የተሸፈነ ነው። ውኃው በመስኮት ዙሪያና በየመገጣጠሚያው ገባ፤ ከገባ በኋላ መውጫ አጣ፤ የእንጨቱ አጥንት በሰበሰ። እ.ኤ.አ. በ1998 የክፍለ ሀገሩ የቀድሞ መሪ ዴቭ ባሬት የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ያፈሰሱ ሰዎች ቤታቸውን በድጋሚ ለማስገፈፍና ለማስለበስ ተገደዱ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በዚያው የተደረገ ጥናት ያገኘው ለእኛ ለጎጃሞች ምንም አያስገርምም፤ የጣራው ጠርዝ ረዘም ባለ ቁጥር የተበላሸው ግድግዳ ቁጥር እየቀነሰ ሄዷል። ላቦራቶሪ ያላቸው ሰዎች የሣር ክዳን የሠሩት አባቶቻችን ወደሚያውቁት ነገር በዚህ መንገድ ተመለሱ።

በአገራችንም አለ። የጎንደር አብያተ መንግሥት በጣሊያን ወረራ ዘመን በስሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር፤ በኋላ በተደረገው ጥገና ግን ያ ተስተካክሎ ሥራው በጥንቱ ዓይነት ኖራ ተከናወነ። በላሊበላም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዝናብ ይከላከላል ተብሎ የተቀባውን ሬንጅና ቀለም ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩት የጥገና ሥራ አስወገደው። ሁለቱም ላይ የተደረገው በክፋት አልነበረም። በቅንነት የተለበጠውን ለመግፈፍ ግን ከመለበጡ ይልቅ ብዙ ድካም ጠየቀ።

እንግዲህ ወደ ፈተናው እንምጣ።

አስቀድመን ለምን በካህናት ፊት እንደምንናገረው እንግለጥ። መሐንዲስ ብናመጣ በውጭው ግድግዳና በቅኔ ማኅሌቱ ይመላለሳል፤ ወደ መቅደስ ግን አይገባም። ስለዚህ በመቅደሱ ግድግዳ ውስጥ ያለውን እርጥበት አይቶ ሊናገር የሚችለው ካህኑና ዲያቆኑ ብቻ ነው። እናንተ ካላያችሁት ማንም አያየውም። በሌዋውያን ሥርዓት ቤቱን የሚያየው ካህን የሆነበትን ምክንያት በዚህ በኩል ስናስበው ለእኛ ቅርብ ሆኖ አግኝተነዋል።

የመጀመሪያው የጣሳ ፈተና ነው። ላቦራቶሪዎች በዋንጫ ያደርጉታል፤ ደንቡ ኤኤስቲኤም ኢ-96 ይባላል። እኛ አንድ ዓይነት የወተት ዱቄት ጣሳዎች እንወስዳለን። በእያንዳንዱ እኩል ውኃ እስከ አጋማሹ እንሞላለን። ከዚያ ልንለስንበት ያሰብነውን ነገር የጣት ያህል ውፍረት ባለው ቂጣ መልክ ሠርተን፣ አድርቀን፣ በጣሳው አፍ ላይ እንገጥመዋለን፤ ዙሪያውን በሰም እናሽገዋለን። ሰም በቤተ ክርስቲያን አይታጣም። በአንዱ ጣሳ ላይ የጭድ ጭቃ፣ በሁለተኛው ኖራ፣ በሦስተኛው ስሚንቶ፣ በአራተኛው የዘይት ቀለም የተቀባ ስሚንቶ ይሆናል። አምስተኛውን በላስቲክ ብቻ እናሽጋለን፤ ስድስተኛውን ክፍት እንተዋለን። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ምስክሮች ናቸው። በላስቲክ የታሸገው ጣሳ ክብደቱ ከቀነሰ ሰማችን ያፈስሳል ማለት ነውና ፈተናው እንደ ገና ይጀመራል።

ጣሳዎቹን በአንድ ክፍል፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን በየማለዳው በአንድ ሰዓት እንመዝናለን። ግራም የሚያነብ የነጋዴ ሚዛን ይበቃል። የቀነሰው ክብደት በቂጣው ውስጥ አልፎ የወጣ እንፋሎት ነው። በአንድ ቀን ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፤ በ14 ቀን ግን ይታያል። ስሚንቶ ፈጽሞ አያሳልፍም አንልም፤ ያሳልፋል፣ ነገር ግን ከጭቃውና ከኖራው እየዘገየ። የዘይት ቀለሙ ሲደረብበት ወደ ላስቲኩ ጣሳ ምን ያህል እንደሚጠጋ በዓይናችሁ እንድታዩት እንወዳለን፤ ንግግራችን ብዙ ሰው ላያሳምን ይችላል፣ ሚዛን ግን ያሳምናል።

ሁለተኛው የዝናብ ፈተና ነው። በቅጥሩ ውስጥ፣ ዝናብ ከሚመጣበት አቅጣጫ ፊት ለፊት፣ የሙከራ ግድግዳ እናቆማለን። እንጨቱም ጭቃውም ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እየከፈልን በየክፍሉ የተለያየ ልስን እንመታለን። በታወቀው ደንብ፣ በኤኤስቲኤም ኢ-331፣ በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ በደቂቃ 3.4 ሊትር ውኃ ለ15 ደቂቃ ይረጫል። ብናሰላው 51 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው። ሥሩ የተበሳሳ ጣሳ ይዞ በመሰላል የሚቆም ሰው ይህን ማድረግ ይችላል። በእርግጥ ላቦራቶሪው ከዚህ ጋር 137 ፓስካል የአየር ግፊት ይጨምራል፤ ይህም በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ግድግዳን የሚገፋበትን ያህል ነው። እኛ ያ የለንም። እሱን የሐምሌ ነፋስ ያደርግልናል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳትዘነጉ። ሙከራ ስናደርግ ሰው ሁሉ ንጹሑን፣ ለስላሳውን ክፍል ይረጫል፤ በዚያ ስሚንቶ ያሸንፋል። ቫንኩቨርንም የጎዳው፣ የእኛንም ቤተልሔም የጎዳው ግን ውኃ በመቃን ዳር፣ በሚስማር ቀዳዳ፣ በስንጥቅ መግባቱ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ትንሽ የመስኮት መቃን ይግባ፤ አንድ ሚስማርም ተመትቶ ይነቀል። ሌላው፣ ፈተናው ውኃው ሲቆም አያልቅም። ዋናው እኩሌታ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ውስጡ ስንት ቀን ቆይቶ ደረቀ? ጭቃው ብዙ ይጠጣል፣ ቶሎም ይተፋል። ጥቂት ጠጥቶ ወር ሙሉ የሚይዝ ግድግዳ ከእርሱ የባሰ ነው።

መድረቁን የምናውቀው በመመዘን ነው። ከግድግዳው በውጭ በኩል፣ ከመሬት አንድ ስንዝር፣ አንድ ክንድና በሰው ቁመት ልክ ጥቂት ጥቂት ጭቃ በጠባብ መሮ አውጥተን ወዲያው በላስቲክ ቋጥረን እንመዝናለን። ከዚያ በለዘብተኛ እሳት ምጣድ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም እናደርቀዋለን። ለምሳሌ 120 ግራም የነበረው ደርቆ 100 ግራም ቢሆን ከደረቁ ክብደት 20 በመቶ ውኃ ነበረው ማለት ነው። ከታች ብዙ፣ ከላይ ጥቂት ካገኘን ውኃው ከመሬት ወይም ከጣራው ርጭት ነው፤ ያን ልስን አያድነውም፣ ቦይና አሸንዳ እንጂ። ከላይ ብዙ ካገኘን ጣራውን እንመርምር። በአጭሩ ለማወቅ የቸኮለ ሰው ደግሞ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን አጣብቆ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ይተወው፤ ከላስቲኩ በስተ ግድግዳ በኩል ጠብታ ከተገኘ ግድግዳው ውስጡ ርጥብ ነው።

ሥዕል ባለበት ግድግዳ ላይ ግን መሮም፣ ርጭትም፣ ላስቲክም አይነካ። እዚያ የምንሠራው በዓይን ብቻ ነው፤ የተነፋ ጨርቅ፣ ነጭ የጨው ዱቄት፣ ሻጋታ የት እንዳለ በወር በወሩ መጻፍ። በቅርስነት ለሚታወቁት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ጥገና እንዳይደረግ ያዝዛል። ይህን ለማስፈራራት አንጠቅሰውም፤ ሕጉን የማያውቅ ኮሚቴ በኋላ የሚደርስበትን ስላየን ነው።

ስለ ኖራ ጥቂት እንበል፤ ኖራ ያልነው ሁሉ ኖራ አይደለምና። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ የኖራ ድንጋይም የጀሶ ድንጋይም ታያላችሁ፤ ተፈጭተው ሲቀርቡ ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው። ጀሶ ለውጭ ግድግዳ አይሆንም፤ ውኃ ያሟሟዋል። ለመለየት ትንሽ ወስዳችሁ በውኃ ለውሱት፤ ጀሶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠነክራል፣ ኖራ ከላዩ ውኃ እስካለ ድረስ ለስንት ቀን ሊጥ ሆኖ ይቆያል። ያልበረደ ኖራ በውኃ ሲነካ ይፈላልና ሕፃናት አይቅረቡት፤ ዓይን ያጠፋል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ጋር ቀስ በቀስ ሲዋሐድ ስለ ሆነ በመጋቢት ፀሐይ አይለሰንም፣ በሐምሌ ዝናብም አይለሰንም። ጥቅምት ለእሱ መልካም ነው፤ ያን ጊዜም በርጥብ ጆንያ እየሸፈኑ። እውነቱን ለመናገር ከስሚንቶ ይልቅ የሰው ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን በልባችሁ ያለውን ጥያቄ እናውቀዋለን። «ስሚንቶው ተሰጥቷል፤ የተሳለ ነው፤ ምን እናድርገው?» ከባድ ጥያቄ ነው። በርጥብ ዕቃ ቤት የተከመረ ስሚንቶ 3 ወር ሲቆይ ኃይሉ መድከም ይጀምራል፤ ክረምቱን ካሳለፈ ድንጋይ ይሆናል። ፈተናው እስኪያልቅ ይቆይ ልንል አንችልም። ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ስሚንቶ ጠላት አይደለም፤ ቦታው የጭቃ ግድግዳ አለመሆኑ ነው እንጂ። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ የጣራውን ውኃ ተቀብሎ ወደ ቁልቁለት የሚወስድ በድንጋይ የተገነባ ቦይ ይሠራበት። አሸንዳው የሚያጠራቅመው ውኃ የሚያርፍበት ገንዳ ይሠራበት። በዚህ የግድግዳው ግማሽ ሕመም ይድናል። ነገር ግን የተሳለው ሰው ስእለቱን «ለግድግዳው» ብሎ ከሆነ ኮሚቴው በራሱ ሥልጣን አይለውጠው። ሰውየው ይጠራ፤ የንስሓ አባቱ ባሉበት ቦዩ ግድግዳውን እንደሚያድን ይነገረው፤ ቃሉን ይስጥ። ከአንድም ቤት ቅሬታ ይዘን እንዳንቀር ይህን ያህል መንገድ መሄድ ይገባናል።

ቀሪው የቀጠሮ ነገር ነው። ጣሳዎቹ በዚህ ወር ይታሸጉ፤ መዝገቡን የቤተልሔሙ ዲያቆን ይያዝ፤ ሚዛኑን እኛ እናመጣለን። የሙከራው ግድግዳ በሚያዝያ ቆሞ ይድረቅ፤ ከዝናቡ በፊት በግንቦት የጀሪካኑ ርጭት ይደረግ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ተመልሰን ከእናንተ ጋር ልስኑን እየፋቅን ከኋላው ያለውን እናያለን። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ እስከዚያ ድረስ እንደ ወትሮው በጭቃ ይመረግ። ከሙከራው ግድግዳ የመጀመሪያውን ክፍል እናቶች ይምረጉት። በአንድ ጉድጓድ ጭቃ ስንት ቁና ጭድ እንደሚገባ፣ ስንት ቀን ተረግጦ እንደሚያድር በመጽሐፍ አላገኘነውም፤ እነርሱ ሲያቦኩ ቆመን እየቆጠርን እንጽፋለን።